ሁለት ሴንተር ያለው ቡድን አንዱን ይስጥ?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የጋሼ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልህ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ታክሲ ነው የምነዳው። ማታ ማታ የዴንቨር ናጌትስን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ እየሰማሁ ነው የምሠራው። ከእህቴ ልጅ ጋር በአንድ ነገር መስማማት አቅቶናል። እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ቁጥር ይወዳል። «ሁለት ጥሩ ሴንተር (ቀለበቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ያለው ቡድን አንዱን ቶሎ ከሌላ ቡድን ጋር መቀየር አለበት፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተጫዋች ዋጋው በየቀኑ ይወርዳል» ይላል። እኔ ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። «ዴንቨር በ2017 ኑርኪችን ለፖርትላንድ ሰጥቶ ጉድ የሆነውን ረሳኸው?» ስለው፣ «አንተስ ዮኪችን ረሳኸው?» ብሎ አፌን ያስይዘኛል። እስቲ አንተ ፍረድ።
አጎት ነኝ፣ ከአውሮራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅር አይበልህና የእህትህ ልጅ ልክ ነው። አንተም ልክ የምትሆንባቸው ቡድኖች አሉ፤ ዴንቨር ግን ከነሱ አንዱ አይደለም። ባላ ተከልከው ቆመ፣ አለቀ። ደመወዝ አይጠይቅህም፣ አያኮርፍም፣ ወኪሉ ስልክ አይደውልልህም። ሴንተር ይሄን ሁሉ ያደርጋል።

ታሪኩን ላልተከታተሉት ከመነሻው ላውራው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ነገር በኛ አቆጣጠር ሲጻፍ እኔንም ግራ ያጋባኛል። ዴንቨር በ2014ቱ ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው) ሁለት ሴንተር አገኘ። ቦስኒያዊው ዩሱፍ ኑርኪች 16ኛ ተመርጦ በቅያሬ መጣ። ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች 41ኛ ነው የተመረጠው። የዮኪች ስም ሲጠራ ቴሌቪዥኑ የምግብ ማስታወቂያ ላይ ነበር። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ማለት ነው።

በ2016 መገባደጃ ላይ አሰልጣኙ ማይክ ማሎን ሁለቱን አንድ ላይ ማሰለፍ ጀመረ። አልሆነም። ለምን አልሆነም የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጥያቄህ ፍሬ ነገር እሱ ነውና።

ከቀለበቱ ሥር ያለው ባለ ቀለም ሳጥን ስፋቱ 16 ጫማ ነው፤ 5 ሜትር አይሞላም። አጥቂ እዚያ ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ ቆሞ መቆየት አይፈቀድለትም። ኑርኪች ኳስ የሚቀበለው እዚያው አፋፍ ላይ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በትከሻው እየገፋ። ዮኪች ደግሞ ምርጥ የሚሆነው ከነፃ ውርወራው መስመር አካባቢ ኳሱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ጓደኞቹ ወደ ቀለበቱ ሲሮጡ ሲያቀብል ነው። አሁን አስበው። ጓደኛው ሮጦ የሚገባበት ቦታ ላይ ኑርኪች ቆሟል። የኑርኪች ጠባቂም አብሮ ቆሟል። መንገዱ ተዘጋ። መከላከል ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ከሁለቱ አንዱ ፈጣንና ቀጭን ተጫዋች እየተከተለ እስከ ሦስት ነጥብ መስመር መውጣት ነበረበት፤ ሁለቱም ለዚያ እግር የላቸውም።

ዮኪች ራሱ «እኔ ወንበር ላይ ልቀመጥ» እስከማለት ደረሰ። ዲሴምበር 15 ቀን 2016 ግን ማሎን ወሰነ። ዮኪች ቋሚ ሆነ፣ ኑርኪች ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የዴንቨር ማጥቃት ሌላ ቡድን መሰለ። ኑርኪች ደግሞ ፊቱ ጠቆረ። መቀየር እንደሚፈልግ ሊጉ ሁሉ አወቀ።

እዚህ ጋ ነው ዴንቨር የተበላው። ሁለት ወር ሙሉ ሰውየውን በአደባባይ ወንበር ላይ አስቀምጦ ዋጋውን ጣለው። ፌብሩዋሪ 2017 ላይ ለፖርትላንድ ሲሰጠው በምላሹ ያገኘው ሜሰን ፕለምሊን ነው። ጭራሽ ዴንቨር ራሱ የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ምርጫ መርቆ ነው የሰጠው! ከፖርትላንድ የመጣለት ጭማሪ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ነው። ገዢው ሻጩ እንደቸኮለ ሲያውቅ እንዲህ ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ ፖርትላንድ ማን ነው? ለዚያችው ለ8ኛዋ የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የዋንጫ ፉክክር) ቦታ ከዴንቨር ጋር የሚሻማ ቡድን።

በማርች መጨረሻ ሁለቱ ተገናኙ። ኑርኪች በቀድሞ ቡድኑ ላይ 33 ነጥብ አስቆጠረ። ሲጨርስም ለዴንቨር ልጆች መልካም የዕረፍት ጊዜ ተመኘላቸው፤ ፕሌይኦፍ አትገቡም ማለቱ ነው። አልገቡም። ፖርትላንድ 41 አሸንፎ 41 ተሸንፎ ገባ። ዴንቨር 40 አሸንፎ በአንዲት ጨዋታ ቀረ። አንተ ጉድ ሆነ የምትለው ይሄንን ነው፤ እውነትህን ነው፣ ያማል።

ግን ወንድሜ፣ ያ ሕመም የአንድ ዓመት ነው። ዮኪች በ2021፣ በ2022 እና በ2024 የሊጉ ኮከብ ተባለ። በ2023 ዴንቨር ማያሚን በፍጻሜው 4 ጨዋታ ለ 1 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። ያን ጊዜ መሀል ዴንቨር ላይ መኪናህን አቁመህ ክላክስ ስታደርግ ስለ ኑርኪች ያሰብክ አይመስለኝም። ስለዚህ መስጠቱ ትክክል ነው። ጊዜው ነው የተበላሸው። በኔ ሂሳብ በኖቬምበር መሰጠት ነበረበት፤ ገና ሁለቱም ሲሰለፉና ኑርኪች ገና ሲስቅ።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ይበልጥ ማየት ከፈለግክ ፊላደልፊያን ተመልከት። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሦስት ሴንተር ሰበሰበ። በ2013 ነርለንስ ኖኤልን፣ በ2014 ጆኤል ኤምቢድን፣ በ2015 ጃሊል ኦካፎርን። ኤምቢድ እግሩን ታሞ ሁለት የውድድር ዘመን ሙሉ አልተጫወተም፤ ስለዚህ ትርፍ ሴንተር መያዛቸው መጀመሪያ ላይ ያንተን ባላ ይመስል ነበር። ኦካፎር በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ 17.5 ነጥብ አስቆጠረ። ያኔ ቢሰጡት ኖሮ ደህና ነገር ይመጣላቸው ነበር ባይ ነኝ። ጠበቁ። ኤምቢድ ዳነ፣ ኦካፎር ተቀመጠ። ፌብሩዋሪ 2017 ላይ ቅያሬው ሊያልቅ ነው ተብሎ ከቡድኑ ጋር እንዳይጓዝ ተደረገ። ቅያሬው ሳይሆን ቀረና ልጁ ሻንጣውን ይዞ ወደዚያው ቡድን ተመለሰ። በምን ፊቱ እንደገባ አስበው። በዲሴምበር 2017 ከሌላ ተጫዋችና ከአንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ጋር ተደምሮ ወደ ብሩክሊን ተላከ። የመጣው ትሬቨር ቡከር ነው። እሱንም ሦስት ወር ሳይሞላው አሰናበቱት። በድራፍት 3ኛ የተመረጠ ልጅ ዋጋ እዚህ ደረሰ።

አሁን ደግሞ የእህትህ ልጅ ያላነሳውን አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀጥሎ ስትገናኙ እንዳታፍር። «ትርፍ» የሚባለው የትኛው ነው? ሰው ሁሉ ደካማው ነው ብሎ ይገምታል። ኢንዲያና ግን እንዲህ አላሰበም። ዶማንታስ ሳቦኒስና ማይልስ ተርነር ነበሩት። ሳቦኒስ ሁለት ጊዜ ኦል ስታር (የሊጉ ከዋክብት ጨዋታ) የገባ፣ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) የሚሰበስብ፣ ኳስ የሚያቀብል ነው። ተርነር ብሎክ የሚያደርግና ከሩቅ የሚወረውር ነው፤ ስሙ ግን ያን ያህል አይጠራም። ለዓመታት «ተርነር ሊሰጥ ነው» ሲባል ኖረ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2022 የተሰጠው ሳቦኒስ ሆነ። ከሳክራሜንቶ ታይሪስ ሃሊበርተን መጣ፤ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ልጅ። ያን ዕለት ሳክራሜንቶ ተሞኘ ያልነው ብዙ ነን። ሳክራሜንቶ ግን በቀጣዩ ዓመት 48 ጨዋታ አሸንፎ ከ2006 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ ገባ። ኢንዲያና ደግሞ በ2025 ፍጻሜ ደርሶ ከኦክላሆማ ሲቲ ጋር እስከ 7ኛው ጨዋታ ተናነቀ። ሁለቱም ተጠቀሙ።

የኢንዲያና ብልጠት የቱ ላይ ነው? የሚሸጥ ዋጋ ያለው ሳቦኒስ ነበር፤ ተርነር ደግሞ እግሩን ታሞ ቁጭ ብሏል። ከማንኛውም ጥሩ ፖይንት ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራ) ጋር የሚስማማውም ተርነር ነው፣ ሳጥኑን ስለሚለቅ። ስለዚህ ገበያው የወደደውን ሸጡ፣ ሜዳው የወደደውን አስቀሩ። መጨረሻው ግን ሙሉ በሙሉ አላማረም። ተርነር በ2025 ውሉ ሲያልቅ ወደ ሚልዋኪ ሄደ፤ ኢንዲያና በምላሹ ምንም አላገኘም።

ሁለቱም ወገን የተጠቀመበት ሌላም አለ፤ የኔን ዕድሜ ሰዎች የሚያስደስት። ኒውዮርክ በ1988 ፓትሪክ ኢዊንግ እያለው ቢል ካርትራይትን ለቺካጎ ሰጥቶ ቻርልስ ኦክሊን ወሰደ። ኦክሊ የጆርዳን ወዳጅ ስለነበር ጆርዳን ተናደደ። ከዚያ ቺካጎ ካርትራይትን መሀል አቁሞ ሦስት ዋንጫ በተከታታይ በላ። ኒውዮርክም ኦክሊን ይዞ በ1994 ፍጻሜ ደረሰ።

አንተ ልክ የምትሆነው የት ነው? ሳን አንቶኒዮ። ዴቪድ ሮቢንሰን እያለ በ1997 ቲም ዳንከን መጣ። ማንንም አልሰጡም፤ በ1999 እና በ2003 ዋንጫ አነሱ። ዳንከን ከ15 ጫማ ርቀት ኳሱን በሰሌዳው እያነጠረ ያገባ ስለነበር ሮቢንሰን ሥር ቢቆምም አይጋጩም። በቅርቡም ኦክላሆማ ሲቲ አለልህ። ቼት ሆልምግረን እያለው በ2024 ክረምት አይዛያ ሃርተንስታይንን ጨመረ። በኖቬምበር ሆልምግረን ዳሌው ተሰበረና ወራት ቀረ። ሃርተንስታይን ደግፎ ያዘው። በ2025 ዋንጫውን ሁለቱም ነክተውታል። አየህ፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ማለት ይሄ ነው። ግን ሆልምግረን ሲድን ሁለቱ አብረው መሰለፍ ስለቻሉ ነው የሠራው።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ጨዋታው ተቀራርቦ 5 ደቂቃ ሲቀር ሁለቱም ሜዳ ላይ ካሉ፣ አትንካቸው። ከሁለቱ አንዱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ የሚያይ ከሆነ፣ ያውም ሁልጊዜ ያው አንዱ ከሆነ፣ ስልኩን አንሣ። ሳያኮርፍ አንሣ። ለእህትህ ልጅ ቡና ጋብዘው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ፤ ቅርጫት ኳስ ያስጀመረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። አንድ ነገር አይገባኝም። ትርፍ ተጫዋች ካላቸው ለምን እንደ እንግሊዝ ክለቦች በገንዘብ አይሸጡትም? ሰውን በሰው መለዋወጥ ምን የሚሉት ነው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ደንቡ ስለማይመቻቸው ነው። ድሮ አድርገውት ያውቃሉ። በ1976 ኔትስ የተባለው ቡድን ጁሊየስ ኧርቪንግን ያህል ሰው ለፊላደልፊያ በ3 ሚሊዮን ዶላር ሸጦታል። ዛሬ ሊጉ አንድ ቡድን በዓመት ለቅያሬ ሊሰጥ የሚችለውን ገንዘብ ገድቦታል፤ መጠኑ ለነሱ ኪስ ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ የደመወዝ ጣሪያ አለ። ከጣሪያው በላይ ያለ ቡድን 20 ሚሊዮን የሚከፈለውን ሰው ሲወስድ፣ ወደዚያ የሚልከው ደመወዝም መቀራረብ አለበት። ኑርኪችና ፕለምሊ በቀላሉ የተለዋወጡት ለዚህ ጭምር ነው፤ ሁለቱም ያኔ ገና በጀማሪ ውል ላይ ስለነበሩ ክፍያቸው ትንሽና የሚቀራረብ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ትርፍ ሴንተርህ ውድ ሲሆን ጣጣው ይጀምራል። ፖርትላንድን እይ። ዲአንድሬ ኤይተን እያለው በ2024 ዶኖቫን ክሊንገንን በ7ኛ ምርጫ ወሰደ። ወጣቱ ሲያድግ ኤይተን ተረፈ። ለቀጣዩ ዓመት ደመወዙ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ያን ያህል ደመወዝ አሰባስቦ የሚልክለት ማን ነበር? በ2025 ክረምት በስምምነት ውሉን አፍርሰው ለቀቁት፤ ሌከርስ አነሣው። ፖርትላንድ ተጫዋችም ምርጫም አላገኘም። ይሄ በእግር ኳስ ቢሆን በግማሽ ዋጋም ቢሆን ይሸጥ ነበር።

የጊዜ ገደቡም አለ። የቅያሬው በር በፌብሩዋሪ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እስከ ውድድሩ መጨረሻ ማንንም መቀየር አትችልም፣ ያኮረፈውንም ጭምር።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሼ። የምጽፈው ስለ ልጄ ነው። 17 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ 1.98 ነው። በአንድ ክለብ የወጣት ቡድን ውስጥ ይሠለጥናል። ችግሩ በዕድሜ ከፍ ያለ ሌላ ሴንተር አለና ልጄ ብዙውን ጊዜ ወንበር ላይ ነው። ሌላ ክለብ «ይምጣልን» ብሏል። አባቱ ይሂድ ይላል፤ አሰልጣኙ ደግሞ «ታገሡ» ይላሉ። ምን ይመክሩናል?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ የርስዎ ጥያቄ ከላይ ካሉት ይከብዳል። ኑርኪች ቢቀመጥም ደመወዙ ይገባለታል። የርስዎ ልጅ የሚከፈለው በደቂቃ ነው፤ የሜዳ ደቂቃ ካላገኘ ምንም አላገኘም።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ እንዲሁ ነበርኩ። ሌላው ሴንተር ከኔ በአንድ ጣት ቢበልጥ ነው፤ ግን ጉልበት ነበረው። መልቀቂያ ስጠይቅ አሰልጣኛችን «ለክፉ ቀን ትጠቅመናለህ» አለኝ። ክፉ ቀን አልመጣም፤ ሰውየው አንድም ቀን አልታመመም! ክለቡን ስሙን አልጠራም። መልቀቂያ የከለከሉኝ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እኔን ማቆየት ምንም አላስወጣቸውም፣ አለቀ።

ስለዚህ ከአባቱም ከአሰልጣኙም በፊት ልምምዱን ሄደው ይዩ። ጨዋታውን አላልኩም፣ ልምምዱን። ልጁ በልምምድ ላይ ከዚያ ከትልቁ ጋር እየተገፋ ነው የሚሠራው? ወይስ ትልቁ ሲሠራ እሱ ከዳር ቆሞ ኳስ ያቀብላል? እየተገፋ ከሆነ ይቆይ። በ17 ዓመቱ ከሚበልጠው ሰው ጋር በሳምንት ሦስት ቀን መላተም ከየትም አይገኝም። ኳስ አቀባይ ከሆነ ግን የአባቱን ምክር ይስሙ።

ሁለተኛ፣ አሰልጣኙን በትሕትና አንድ ነገር ይጠይቁ። «ሁለቱን አንድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሰልፈው ሞክረው ያውቃሉ?» ይበሉ። እንዲሠራ ልጁ ከነፃ ውርወራው መስመር መወርወር መቻል አለበት። እዚህ አገር ረጅም ልጅ ሲገኝ ቀለበቱ ሥር ቁም ይባላል፤ ውርወራ የሚያስተምረው የለም። በየቀኑ ከልምምድ በኋላ ቆይቶ ይወርውር። ሁለት ቦታ ላይ የሚሰለፍ ረጅም ልጅ ለየትኛውም ክለብ ትርፍ አይሆንም፤ ቢሄድም ይዞት የሚሄደው ይሄንን ነው።

ከሄደ ደግሞ ውድድሩ ሲያልቅ ይሂድ እንጂ መሀል ላይ አይሁን። ከመሄዱ በፊት መልቀቂያው በጽሑፍ፣ ማኅተም ተደርጎበት እጁ ይግባ። የቃል መልቀቂያ ይዘው ሄደው ዓመት ሙሉ ሳይመዘገቡ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። አዲሱን ክለብም አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፦ አሁን ስንት ሴንተር አላችሁ?